የርቀቱን ዋጋ ማን ይክፈል? ስለ ሩቅ ደሴቶች አገልግሎትና ስለ መንግሥት ድጋፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

የደሴቶች ጉዳይ በተነሳበት የበጀት ስብሰባ ሁሉ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ለእነዚህ ጥቂት ሰዎች ይህን ያህል ገንዘብ?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱ የተዘረጋው ሰንጠረዥ ጠቅላላውን ወጪ ለነዋሪው ቁጥር አካፍሎ ያሳየዋል፤ ቁጥሩም በእርግጥ ያስደነግጣል። 60 ሰው የሚኖርባት ደሴት መርከብ ትፈልጋለች፣ ነርስ ትፈልጋለች፣ አስተማሪና የመብራት ኃይል ትፈልጋለች። ከተማ ውስጥ 60 ሰው አንድ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ለብቻዬ ነርስ ይመደብልኝ የሚል የለም።

እኔ ግን በነፍስ ወከፍ የሚሠራው ይህ ሂሳብ ትልቁን ነገር ይደብቃል ባይ ነኝ። ርቀት ዋጋ አለው። መንግሥት አልከፍልም ስላለ ዋጋው አይጠፋም፤ ከበጀት መዝገቡ ላይ ይሰወርና ወደ ነዋሪው ኪስ ይዞራል። በሲሚንቶው ከረጢት ላይ ይጨመራል፣ በመድኃኒቱ ላይ ይጨመራል፣ ለሐኪም ቀጠሮ ሄዶ መርከብ እስኪመለስ ሁለት ሌሊት ሆቴል በማደር ይከፈላል። ማንም ስለማይደምረው ግን ወጪ አይመስልም። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው የርቀቱን ዋጋ ማን ይክፈለው፣ በየትኛው በኩልስ ይክፈለው በሚለው ላይ ነው። በየትኛው በኩል የሚለውን አደራ ያዙልኝ፤ ጥሩ ሐሳብ የነበራቸው ድጎማዎች የተበላሹት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገርና ወደ ታሪኩ ልግባ።

ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ሴንት ኪልዳ የሚባሉ ጥቂት ደሴቶች አሉ። ሰው ከሚኖርበት ቅርብ ደሴት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው ኖሮባቸዋል። ነዋሪዎቹ በክረምት የሚመጣ መደበኛ የፖስታ መርከብ ስላልነበራቸው፣ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የራሳቸውን ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። ከእንጨት በተፈለፈለች ትንሽ ጀልባ ውስጥ ደብዳቤውን አሽገው፣ በበግ ፊኛ የተሠራ መንሳፈፊያ አስረውላት፣ ነፋሱ ሲመች ወደ ባሕር ይለቋታል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ስኮትላንድ ጠረፍ ላይ ትወጣለች፤ አንዳንዴ ኖርዌይ ድረስ ትሄዳለች። ያገኛት ሰው ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ያደርሳል። ዛሬ ሲያዩት ያስቃል፤ ይህ ግን የኢንዱስትሪ አብዮት የተነሳበት አገር ዜጎች የመገናኛ አገልግሎት ነበር።

በ1930 መጀመሪያ ላይ ከሴንት ኪልዳ አንዲት እናት በጠና ታመመች። ደሴቲቱ ላይ የተመደበች ነርስ ነበረች። ነርሷ የቻለችውን አደረገች፤ የማትችለው ግን በሽተኛዋን ባሕር ማሻገር ነበር። ሴትዮዋ ከብዙ ጥበቃ በኋላ በዋናው ምድር ግላስጎ ከተማ ሆስፒታል ደረሰች፤ እዚያው በሜይ ወር አረፈች። በዚያው ወር፣ እሷ ገና ሳታርፍ፣ የደሴቲቱ ነዋሪዎች «ከዚህ አንሱን» ብለው ለመንግሥት አቤቱታ ፈርመው ነበር። የሥራ ጉልበት ያላቸው ወንዶች እያነሱ ነው፣ የቀረነው ብቻችንን አንችልም አሉ። ኦገስት 29 ቀን 1930 ሐርቤል የተባለች የባሕር ኃይል መርከብ የቀሩትን 36 ሰዎች ጭና ወጣች። መንግሥት ለብዙዎቹ ወንዶች ያገኘላቸው ሥራ የደን ሥራ ነበር። ዛፍ በማይበቅልበት ደሴት ላይ ላደጉ ሰዎች።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነርሷን ነው። አገልግሎት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበር። የጎደለው መርከቡ ነው። በደሴት ላይ መርከብ ከአገልግሎቶች አንዱ አይደለም፤ የቀሩት ሁሉ የሚንጠለጠሉበት ምሰሶ ነው። ክትባቱ በመርከብ ይመጣል፣ ፈተና አራሚው በመርከብ ይመጣል፣ የጄኔሬተሩ መለዋወጫ በመርከብ ይመጣል፣ አስከሬንም በመርከብ ይሄዳል። ብዙ መንግሥታት ግን ትራንስፖርቱን ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ጤናውን ለሌላ፣ ትምህርቱን ለሦስተኛ ይሰጡና አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ፕሮግራሙን ያወጣል። የጤና ቢሮው ስፔሻሊስት ሐኪም ማክሰኞ ይልካል፤ መርከቡ ሰኞና ሐሙስ ነው።

አሁን አንድ የተሻለ ምሳሌ ላንሳ፤ እሱም ከዚያው ከስኮትላንድ ነው። በ1911 ብሪታኒያ የጤና መድን ሕግ አወጣች። ሠራተኛው ያዋጣል፣ አሠሪው ያዋጣል፣ መንግሥት ይጨምራል፤ ሠራተኛው ሲታመም ይታከማል። ለፋብሪካ ከተማ የተሰፋ ልብስ ነው። በሰሜናዊው ተራራማ ክፍልና በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ ግን አብዛኛው ትንሽ መሬት የሚያርስና ዓሣ የሚያጠምድ ነው። አሠሪ የለውም፤ መዋጮ የሚቆረጥበት ደመወዝም የለውም። ሕጉ አጠገቡ ደርሶ አልፎት ሄደ። በስብሰባ ላይ ማንም «ደሴተኞችን እንግፋቸው» አላለም፤ ሕጉን የጻፈው ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየው ሠራተኛ የከተማ ሠራተኛ ስለነበር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መረሳት ከክፋት ይልቅ ደሴቶችን የጎዳ ይመስለኛል።

ጉዳዩን እንዲያጣራ በሰር ጆን ዴዋር የተመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በየቦታው ዞሮ ሰው አነጋገረና በ1912 ሪፖርቱን አቀረበ። ያገኘው ችግር እንዲህ ነው። ሐኪሙ የሚያስከፍለው በተጓዘው ርቀት ልክ ነው። በሽተኛው በራቀ ቁጥር ሐኪም የማስጠራቱ ዋጋ ይወጣል፤ ባሕር ካለ የጀልባ ኪራይ ይጨመራል። ድሀው ቤተሰብ ሐኪም የሚያስጠራው ነገሩ ከእጅ ካመለጠ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ አያስጠራም። ጠሪ ካላገኘ ደግሞ ሐኪሙ መኖር አይችልምና ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ቀጣዩ ሐኪም የበለጠ ይርቃል፤ ክፍያውም የበለጠ ይጨምራል። ነገሩ ራሱን እየበላ ወደ ታች ይወርዳል።

በ1913 የተቋቋመው የተራራማው ክፍልና የደሴቶቹ የሕክምና አገልግሎት ይህን ቋጠሮ የፈታበት መንገድ ዛሬም ያስገርመኛል። መንግሥት በዓመት 42,000 ፓውንድ መደበ። ሐኪሙ ዝቅተኛ ገቢ ተረጋገጠለት፣ የጉዞ ወጪው ከሕዝብ ገንዘብ ተሸፈነለት። በምላሹ ለሩቁም ለቅርቡም በሽተኛ አንድ ዓይነት አነስተኛ ክፍያ እንዲያስከፍል ተደረገ። ሐኪሙ የመንግሥት ተቀጣሪ አልሆነም፣ በሽተኛውም በነፃ አልታከመም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የርቀቱ ዋጋ ከበሽተኛው ትከሻ ወርዶ ወደ መንግሥት ሄደ። ከዚያ በኋላ ነርሶች ተመደቡ፣ ሆስፒታሎች ተጠናከሩ፣ በ1933 ደግሞ ከአይላ ደሴት አንድ በሽተኛ በአውሮፕላን ወደ ግላስጎ ተወሰደ፤ የስኮትላንድ የአየር አምቡላንስ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መላዋ ብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ያገኘችው በ1948 ነው። ሩቆቹ 35 ዓመት ቀድመዋል። ዳር አገር የሚሞከረው ነገር አንዳንዴ ለመሃል አገር ትምህርት ይሆናል።

«ታዲያ ሴንት ኪልዳ ለምን ባዶ ቀረች?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕቅዱ የሐኪሙን ጉዞ ከፈለ እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ መርከብ አልገዛም። ዞሮ ዞሮ ወደ መርከቡ ያመጣናል።

እሺ፣ መርከቡን መንግሥት ይደጉም ብለን ተስማማን እንበል። እንዴት ይደጉም? ሦስት አገሮችን በአጭሩ ላስጎብኛችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስኮትላንድ በ2008 ለአንዳንድ ምዕራባዊ ደሴቶቿ የመንገድ አቻ ታሪፍ የሚባል ነገር በሙከራ ጀመረች፤ በ2015 በምዕራቡ ጠረፍ ወዳሉት ሌሎች መስመሮች አዳረሰችው። ሐሳቡ ቀላልና ቆንጆ ነው። የመርከቡ ክፍያ ያንኑ ርቀት በመኪና በመንገድ ቢሄዱት ከሚያወጡት ወጪ ጋር እንዲቀራረብ ይደረጋል። ባሕሩ እንደ መንገድ ይቆጠራል ማለት ነው፤ መንገድ ሲሠራ «አስፋልቱ አትርፏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለምና። ክፍያው ወረደ፣ ተጓዡ በረከተ። ችግሩ ቅናሹ ለነዋሪም ለጎብኚም እኩል መሆኑ ነው። በበጋ የቱሪስት ካራቫን የመርከቡን ወለል ይሞላዋል፤ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ወይም ከብቱን ገበያ የሚያደርስ ነዋሪ በመጨረሻ ሰዓት ደውሎ «ቦታ የለም» ይባላል። ዋጋው ረከሰለት፣ ወንበሩ ጠፋበት። ደሴተኛን ብትጠይቁት ርካሽ ቲኬት ከሚሰጡትና ቦታ እንደማያጣ ዋስትና ከሚሰጡት የቱን ይመርጣል? እኔ ሁለተኛውን እንደሚመርጥ አልጠራጠርም።

ስፔን ሌላ መንገድ ሄደች። የካናሪና የባሌሪክ ደሴቶች ነዋሪ ወደ ዋናው ምድር ሲበር ከቲኬቱ ዋጋ 75 በመቶውን መንግሥት ይከፍልለታል፤ መጠኑ እዚህ የደረሰው በ2018 ነው። ጎብኚው ይህን አያገኝም፤ ጥሩ። ግን ድጎማው በመቶኛ መሆኑን ልብ በሉ። 100 ዩሮ የሚሸጠውን ቲኬት አየር መንገዱ 120 ቢያደርገው ነዋሪው የሚሰማው የ5 ዩሮ ጭማሪ ነው፤ የቀረውን 15 መንግሥት ይከፍላል። እንዲህ ባለ ገበያ ሻጭ ዋጋ ለመጨመር ምን ይከለክለዋል? ቅናሹ የማይመለከተው መንገደኛ ደግሞ፣ ለምሳሌ ዘመዱን ለመጠየቅ ወደ ደሴቱ የሚሄድ የዋናው ምድር ሰው፣ ሙሉውን ጭማሪ ይሸከማል። የመቶኛ ድጎማ ዋጋን የሚያወርድ ይመስላል፤ የሚያወርደው ግን ነዋሪው ለዋጋ ያለውን ንቃት ጭምር ነው።

ሦስተኛው በሰሜን አትላንቲክ ያሉት የፋሮ ደሴቶች ሄሊኮፕተር ነው። መንግሥት ስለሚደጉመው ቲኬቱ ርካሽ ነው፤ ትንንሾቹን ደሴቶች ያገናኛል። ቱሪስት እንዳያጣብበው ግን ጎብኚዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲበሩና መልሱን በጀልባ እንዲመለሱ ይጠየቃሉ፤ አገልግሎቱ በቀዳሚነት ለነዋሪው ነው። ረቂቅ ኢኮኖሚክስ የለበትም። ለማን እንደተመደበ የሚያውቅ ድጎማ ነው።

ስለ ፋሮ ካነሳሁ ጋሳዳሉርን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከ20 የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ፖስተኛው ደብዳቤ ተሸክሞ ተራራ እየተሻገረ በእግሩ ይደርስባት ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ተራራውን በስቶ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ አወጣላት። በነፍስ ወከፍ ብታሰሉት እብደት ነው። እኔም ለየመንደሩ ዋሻ ይበሳ አልልም። ግን የፋሮ ሰዎች ውሳኔውን ሲወስኑ በዓይናቸው ፊት የነበረው የዛሬዎቹ ነዋሪዎች ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ መንደሯ ነገም መንደር ሆና ትቆይ ወይስ አትቆይ የሚለው ነበር። ያንን ጥያቄ ፊት ለፊት ጠይቀው ነው የመለሱት።

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የሚል ሐሳብ አሁን አዳራሹ ውስጥ እየዞረ እንደሆነ ይገባኛል። ልክ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ኪሪባቲ 33 ደሴቶች 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ባሕር ላይ የተበተኑባት፣ ገቢዋም ውስን የሆነ አገር ናት። በሩቆቹ ደሴቶች ያለው ሰው በእጁ ገንዘብ የሚያገኝበት ዋናው መንገድ ኮፕራ፣ ማለትም የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ነው። መንግሥት ኮፕራውን ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ ከፍሎ ይገዛል፤ በ2016 የመግዣውን ዋጋ በእጥፍ አሳድጎታል። በንግድ ዓይን ኪሳራ ነው። በሌላ ዓይን ሲታይ ግን ገንዘቡ ያለ ብዙ ቢሮ በቀጥታ ሩቅ ደሴት ላይ ያለ ቤተሰብ እጅ ይገባል፣ ለኮፕራው ሲባልም የጭነት መርከቡ ይመጣል። መርከቡ ሲመጣ ሩዝና መድኃኒት ይዞ ነው የሚመጣው።

ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች አሏት። በ2015 የባሕር መንገድ ብላ በድጎማ የሚሠሩ የጭነት መስመሮችን ወደ ምሥራቅ ዳር ደሴቶቿ አሠማራች። ዓላማው የዕቃ ዋጋ ልዩነትን ማጥበብ ነው። ችግሩ መልሱ ላይ ነው፤ መርከቡ ሲሄድ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሲመለስ የሚጭነው ያጣል። የባዶ ጉዞውን ነዳጅ አንድ ሰው መክፈል አለበት። ከዚህ የምንማረው የመርከብ ድጎማ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ደሴቲቱ የምትልከው ነገር እንዲኖራት ካልታገዘች፣ ለምሳሌ ዓሣውን የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ካልተተከለላት፣ ድጎማው ለዘላለም ሁለት እጥፍ ይከፈላል። ማልዲቭስ ደግሞ 200 የሚጠጉ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች አሏት። ለየደሴቱ የናፍጣ ጄኔሬተር፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ማቆም ስለከበዳት ሕዝቡን ወደ ጥቂት ትላልቅ ደሴቶች ማሰባሰብን በየጊዜው ታነሳለች፤ ጉዳዩ ባነሱት ቁጥር ያጨቃጭቃል።

የመብራት ነገር ከተነሳ ኤግ ስለምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ደሴት ልንገራችሁ። ነዋሪዎቿ በ1997 ደሴቲቱን ከባለርስቱ ገዙ፤ በ2008 ደግሞ ውኃን፣ ነፋስንና ፀሐይን ያጣመረ የራሳቸውን የኤሌክትሪክ መስመር ዘረጉ። ከዚያ በፊት በየቤቱ የናፍጣ ጄኔሬተር ያጓራ ነበር። የወደድኩት ነገር ግን ቴክኖሎጂው አይደለም፤ ደንቡ ነው። አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ መጠቀም አይችልም፤ የንግድ ቤት 10። ከዚያ ካለፉ ማብሪያው ይጠፋል፣ መልሶ የሚያበራውም ሰው ተጠርቶ መምጣት አለበት። ምጣዱንም ማሞቂያውንም የልብስ ማጠቢያውንም አንድ ላይ ማብራት ያቆማሉ ማለት ነው። ፌር አይል የምትባለው ሌላዋ የስኮትላንድ ደሴት 24 ሰዓት የማይጠፋ መብራት ያገኘችው በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት ነፋስ በሌለበት ሌሊት መብራት አይኖርም ነበር። ሁለቱም ደሴቶች የሕዝብ ገንዘብ ከብዙ ምንጭ አሰባስበዋል፤ ግን የሚያስተዳድሩትና ሲበላሽ የሚጠግኑት እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው። ከዋናው ምድር ቴክኒሻን የሚጠበቅበት መሣሪያ ደሴት ላይ ግማሽ መሣሪያ ነው።

ወደ ጥገና መጣን። ፖለቲከኛ ሪባን መቁረጥ ይወዳል፤ የቅባት ለውጥ ላይ ፎቶ የሚነሳ የለም። ስለዚህ ለአዲስ መርከብ ገንዘብ ይገኛል፣ ለመልሕቅ ማቆሚያው ዕድሳት አይገኝም። አዲሱ መርከብ ራሱ ደግሞ ዋስትና አይደለም። የስኮትላንድ መንግሥት በ2015 ሁለት መርከቦች በ97 ሚሊዮን ፓውንድ አዘዘ፤ በ2018 ሥራ ይጀምራሉ ተብሎ ነበር። የመጀመሪያዋ ግሌን ሳኖክስ መንገደኛ የጫነችው በ2025 ጃንዋሪ ነው፣ ወጪውም ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ያረጁት መርከቦች በየጊዜው ይበላሹ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያረጀ መርከብ የሚተካበት ቀን ከ20 ዓመት በፊት የሚታወቅ ነገር ነው።

ስለ ኢንተርኔት አጭር ቃል። ሴንት ሄሌና በደቡብ አትላንቲክ ያለች የብሪታኒያ ግዛት ናት። እስከ 2017 ድረስ ከኬፕታውን አምስት ቀን ያህል በመርከብ ይኬድባት ነበር። በ285 ሚሊዮን ፓውንድ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራላት፣ አስቸጋሪው ነፋስ መደበኛውን በረራ አዘገየው፣ በ2017 ተጀመረ። በ2023 ደግሞ የባሕር ውስጥ የፋይበር ገመድ ሥራ ጀመረላት። ገመዱ ለትምህርትም ለሕክምና ምክርም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን «ቴሌሜዲስን፣ ማለትም በስክሪን የሚሰጥ ሕክምና፣ ስላለ ሐኪሙን እናንሳ» የሚል ባለሥልጣን ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። በስክሪን ምጥ አይረዳም።

ሰው የማግኘቱ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። መርከብ ይገዛል፣ ሐኪም አይገዛም። ብዙ አገር የሚያደርገው የደመወዝ ጭማሪ መስጠት ነው፤ ሰውዬው ሁለት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። ጃፓን በ1972 ጂቺ የተባለ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አቋቋመች። ክፍለ ሀገሮቹ ከየራሳቸው ልጆች መልምለው ይልካሉ፤ ተማሪው የትምህርት ወጪውን በብድር መልክ ያገኛል፣ ከተመረቀ በኋላ በመጣበት ክፍለ ሀገር ገጠርና ደሴት ላይ የተማረበትን ዘመን አንድ ጊዜ ተኩል፣ ማለትም 9 ዓመት ያህል ካገለገለ ብድሩ ይሰረዝለታል። ግዴታውን ጨርሶ የሚሄድ አለ፣ የሚቀርም አለ። ዋናው ነገር ተተኪው ሁልጊዜ በመንገድ ላይ መሆኑ ነው፤ አንዱ ሲለቅ ማስታወቂያ ተለጥፎ ዓመት አይጠበቅም።

ትምህርት ቤቱንም ከዚያው ከጃፓን ልጥቀስ። አማ የምትባለው በኦኪ ደሴቶች ያለች ከተማ አካባቢ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2008 ገደማ ተማሪው አልቆ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ቢዘጋ ልጁን ብቻ አይደለም የሚያስወጣው። ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው ከተማ ይሄዳል፣ እናት አብራው ትሄዳለች፣ ታናናሾቹ ይከተላሉ፤ የአንድ ትምህርት ቤት መዘጋት መላውን ቤተሰብ ይነቅላል። እነሱ ያደረጉት ከዋናው ምድር ተማሪ መጋበዝ ነው። የማደሪያ ቤት አዘጋጁ፣ ትምህርቱን ከደሴቲቱ ሥራና ችግር ጋር አቆራኙት። የተማሪው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጥፍ ገደማ አደገ። መንግሥት ከመዘጋት ያላዳነውን ትምህርት ቤት ከተማዋ ራሷ አዳነችው፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት መጥቶ ለሌሎች ምሳሌ አደረገው። ቅደም ተከተሉ የተለመደ ነው።

አሁን ወደማይወደደው ርዕስ ልምጣ። አንዳንድ ደሴት ላይ ሰው መኖር ያቆማል። ይህን መካድ አይጠቅምም። የምቃወመው አካሄዱን ነው። መንግሥት «ልቀቁ» ሳይል የመርከቡን ምልልስ ከሦስት ወደ ሁለት ያወርዳል፣ አስተማሪ ሲለቅ አይተካም፣ ፖስታ ቤቱን በሳምንት አንድ ቀን ያደርገዋል። ከዚያ ሰው ሲሄድ «ነዋሪው እየቀነሰ ስለሆነ» ብሎ ቀጣዩን ይቀንሳል። ይህ ማንም ያልፈረመበት የማፈናቀል ትእዛዝ ነው።

የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ግዛት ቢያንስ ነገሩን በግልጽ ታደርገዋለች። መንደሩ ራሱ ልነሳ ብሎ ይጠይቃል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ቤተሰብ ካሣ ይከፈለዋል። ሊትል ቤይ አይላንድስ የተባለችው የደሴት መንደር ድምፅ ስትሰጥ የሚፈለገው 90 በመቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ለጥቂት ጎደለ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ተኮራረፈ። በ2019 በሙሉ ድምፅ ተስማሙ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን መብራቱ ተቋረጠ፣ መርከቡም ቆመ። 90 በመቶ ትክክለኛ መጠን ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ በጣም ከፍተኛ ነው እላለሁ፤ ጥቂት ሰዎች መንደሩን ሁሉ አግተው ይይዛሉ። ሂደቱ ግን ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ካሣ አለው። ሰው የሚከራከርበት ነገር ይዟል።

በነገራችን ላይ ስኮትላንድ በ2018 የደሴቶች ሕግ አውጥታለች። መሥሪያ ቤቶች አዲስ ፖሊሲ ሲያወጡ በደሴቶች ላይ የተለየ ጉዳት እንዳያመጣ እንዲመዝኑ ያስገድዳል፤ የ1911ዱ ዓይነት መረሳት እንዳይደገም ነው። በሕጉ ውስጥ አንዲት አስቂኝ የምትመስል አንቀጽ አለች። የሕዝብ መሥሪያ ቤቶች ካርታ ሲያሳትሙ በስተ ሰሜን ርቀው ያሉትን የሼትላንድ ደሴቶች እንደቀድሞው በሳጥን አድርገው ጥግ ላይ እንዳይለጥፉ ታዛለች፤ የግድ ከሆነ ምክንያታቸውን ይስጡ ትላለች። ካርታ ሠሪዎች ባሕር ለመሳል ወረቀት አባከንን ብለው አጉረመረሙ። ግን አስቡት፤ ልጅ ሆኖ ያን የሳጥን ካርታ እያየ ያደገ የበጀት ኃላፊ ሼትላንድ ከዋናው ምድር ምን ያህል እንደምትርቅ በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ከአዳራሹ ከመጡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ እመልሳለሁ። «ድጎማው እስከ መቼ?» ተብያለሁ። ጃፓን የሩቅ ደሴቶች ልማት ሕግን በ1953 ስታወጣ ለ10 ዓመት ብቻ ብላ ነው። ወደብ፣ መንገድ፣ ውኃና ክሊኒክ ሲሠራ ማዕከላዊው መንግሥት ከሌላው አካባቢ የበለጠ ድርሻ እንዲከፍል ያደርጋል። 10 ዓመቱ ሲያልቅ ፓርላማው አራዘመው፤ ከዚያም እንደገና፤ የአሁኑ ዘመን የጀመረው በ2023 ነው። ሕዝቡ በዚህ ሁሉ ዘመን መቀነሱን አላቆመም፤ ያንን ሳልደብቅ ልናገር። ሆኖም በየ10 ዓመቱ የደሴት ከንቲባዎች ዋና ከተማ ሄደው ምን እንደተሠራ ያስረዳሉ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ምን እንዳልሠራ ያስረዳሉ፣ ሕጉ ተሻሽሎ ይወጣል። በ1950ዎቹ ወደብ ላይ ያተኮረ ነበር፤ ዛሬ ስለ ሐኪም፣ ስለ አረጋውያን እንክብካቤና ስለ መገናኛ ይናገራል። ለዘላለም ከተጻፈና ማንም ከማያነበው ድጎማ፣ ወይም በአንድ ምርጫ ከሚሰጥና በሌላው ከሚነሳ ድጎማ፣ ይህንን እመርጣለሁ። እስከ መቼ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ እንግዲህ 10 ዓመት ነው፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እንደገና እንነጋገራለን፣ ከንቲባዎቹም በክፍሉ ውስጥ ይኖራሉ።